የመምህርት ራሽኮቫ ሁለት

ዶክተር ስቪለን ካራጆቭ በሽተኛ ፊት ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ፣ ጸጉሩ በጆሮው ግራና ቀኝ መሸበት የጀመረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ያን ሰኞ ጠዋት ግን ለቀዶ ጥገና የተቀጠሩትን ሰዎች ስም ሲያነብ አንዱ ላይ ሲደርስ ሳያስበው የጋውኑን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፈ። ቶዶርካ ራሽኮቫ፣ ጡረተኛ መምህርት። በከተማችን ሌላ ቶዶርካ ራሽኮቫ የለችም፤ እኚህ አንዷ ለሁላችንም በቅተውናል።

ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። ወደዚህ ወደ ዳኑብ ወንዝ ዳር የመጡት ከጋብሮቮ ነው፤ ጋብሮቮ ማለት ደግሞ ሰዎቿ በክረምት በሩ ቶሎ እንዲዘጋ የድመታቸውን ጅራት ይቆርጣሉ እየተባለ የሚቀለድባት ከተማ ናት። ሌላው የጋብሮቮ ሰው ገንዘብ ይቆጥባል፣ እሳቸው ማርክ ይቆጥባሉ። በእኛ ትምህርት ቤት ማርክ የሚጀምረው ከሁለት ነው። ሁለት ማለት ወድቀሃል፣ ነገ እናትህን ይዘህ ና ማለት ነው። ሦስት እንደ ምንም አለፍክ፣ አራት ደህና ነህ፣ አምስት በጣም ጥሩ። የመጨረሻው ስድስት ነው፤ ሌሎች አስተማሪዎች ይሰጡታል። መምህርት ራሽኮቫ ግን «ስድስት ለማንም ሰጥቼ አላውቅም» ይሉ ነበር፤ ይህንንም የሚሉት በኩራት አልነበረም፤ የሚገባውን ሰው እስከ ዛሬ እየጠበቁ ይመስል ቅር ብሏቸው ነው።

ስቪለን የመጀመሪያውን ሁለት ያገኘው አባቱ በሞተ ዓመት ነው። «አንድ ምሽት በቤታችን» በሚል ርእስ ድርሰት ጻፉ ተባሉና እሱም ያለ የሌለ ትልልቅ ቃል ሰብስቦ፣ ሐዘን፣ ጨለማ፣ ዘላለም እያለ ወረቀቱን ሞላው። ሲመለስለት ከታች በቀይ ሁለት ተጽፎበታል። ከሁለቱ ሥር ደግሞ አንዲት መስመር አለች፤ «ካራጆቭ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምህ?» ትላለች። የሚያሾፉበት መስሎት ደሙ ፈላ፤ ደወሉ ሲደወል ቀና ብሎም ሳያያቸው ወጥቶ ሄደ።

ጥላቻው ብዙ ቆየ። በኋላ ሐኪም ሆነ፣ ያውም ከቀዶ ጥገና በኋላ ያለውን ህመም የሚያስታግስ ሐኪም፤ ይህንኑ ጥያቄ ቀኑን ሙሉ ለሰው ሲያቀርብ እየዋለ ሳያውቀው ቂሙ ለቀቀው። በቂሙ ቦታ የመጣው ፍቅር ነው። ግን ሄዶ አልነገራቸውም። የፈሩትን መምህር በር አንኳኩቶ «ወደድኩዎት» ይባላል እንዴ?

አልጋቸው አጠገብ ሲቆም ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው አዩት።

«ካራጆቭ። ጫማህ ዛሬም አልታሰረም።»

ዝቅ ብሎ አየ። እግሩ ላይ ያለው ማሰሪያ የሌለው የሆስፒታል ነጠላ ጫማ ነው። ቀና ሲል ዐይናቸው በሳቅ ጠቦ አገኘው፤ ልቡ ቅቤ ጠጣ።

«መምህሬ፣ እንዴት አደሩ? አይዞዎት። አንጀትዎ ላይ ያለው እጢ ትንሽ ነው፣ ቆርጠው ያወጡታል፣ አለቀ።»

«እኔ የቆረጣው ጉዳይ አላስጨነቀኝም። ቀዶ ሐኪሙ ቢላውን ይወቅበት። እኔ የማስበው ስነቃ ያለውን ነው» አሉ፤ ይህንን ሲሉ ድምፃቸው ትንሽ ቀነሰ። «እናቴ በህመም ጮሃ ነው የሞተችው። እንደሷ እንዳታደርጉኝ።»

«እኔ እያለሁማ አይሆንም» አለ ስቪለን። ከዚህ በፊት ለማንም በሽተኛ እንዲህ አፉን ሞልቶ ቃል ገብቶ አያውቅም።

ከዚያ ስለ ጥናቱ ነገራቸው። በክፍሉ ሁለት ማስታገሻ እያወዳደሩ ነው፤ አንዱ የድሮው ሞርፊን ነው፣ ሌላው ኦክሲኮዶን ይባላል፤ ሁለቱም የኦፒየም ዘር ናቸው። ሆዱን ለተቀደደ ሰው የትኛው ይሻላል የሚለውን ነው የሚፈልጉት።

«እኔ የትኛው ሊደርሰኝ ነው?»

«አላውቅም። ነርሷም አታውቅም። የሚያውቀው መድኃኒት ቤቱ ብቻ ነው። ካወቅን እናዳላለን።»

«ስም ሸፍኖ ማረም ማለት ነው» አሉ፤ ነገሩ ደስ አላቸው። «እኔም የመልቀቂያ ፈተና ሳርም ስሙን እሸፍን ነበር። ያንተ ግን ምን ይሸፈናል? ዶሮ የጫረችው የሚመስል ሁሉ ያንተ ነው።»

ነርስ ጊና ከጀርባው ሳቋን ዋጠች። ጊና ደንዳና፣ ለምላሷ ልጓም የሌላት፣ በክፍሉ ከሐኪሞቹ ሁሉ በፊት የነበረች ሴት ናት። እጃቸው ላይ መርፌ ልትተክል ስትል በመጋቢት አንድ ለጤና የሚታሰረውን፣ ዛፍ ሲያብብም ቅርንጫፍ ላይ የሚንጠለጠለውን ቀይና ነጭ ክር አንጓቸው ላይ ታስሮ አገኘችውና መቀስ አነሳች። መምህርቷ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ይሄን የሚያስፈታኝ ያበበ ዛፍ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ግቢያችሁ ውስጥ የፕለም ዛፍ አለ፣ ስገባ አይቼዋለሁ፤ ሊፈነዳ ነው። በእግሬ ሄጄ ነው የማስርበት።»

«እሺ፣ በሌላኛው እጅ እተክላለሁ፤ እኔን ግን ሁለት እንዳይሰጡኝ» አለች ጊና።

እዚህ ላይ ነው ስቪለን የተሳሳተው፤ የተሳሳተውም ከፍቅር ብዛት ነው። ለሁሉም በሽተኛ የሚለውን እሳቸውንም ብሏቸዋል፤ ከዜሮ እስከ አስር ቁጥር ይሰጣሉ፣ ዜሮ ምንም አያምም፣ አስር ከዚህ የባሰ ህመም የለም። ግን የሚያረጋጋው መድኃኒት ተሰጥቷቸው፣ ዐይናቸው ከበድ ማለት ጀምሮ፣ አልጋ ገፊው በር ላይ ቆሞ ነው በጥድፊያ ያለው። ያም ሳይበቃ ሊያስቃቸው ፈለገ።

«እንግዲህ መምህሬ፣ ዛሬም ማርክ ሰጪዋ እርስዎ ነዎት። ስንጠይቅዎት የሚገባውን ማርክ ይስጡልን።»

«ይሄማ የኔ ሥራ ነው» አሉና ተገፍተው ሄዱ። ጊናም አባባሉን ወደደችው።

የዚህ ሥራ ነገር እንዲህ ነው። ሆዱ የተቀደደ ሰው በደንብ መተንፈስ፣ መሳል፣ መነሳት አለበት። ህመሙ ከበረታበት ሆዱን ላለማንቀሳቀስ ትንፋሹን ይሰስታል፤ ሳንባው ውስጥ አክታ ይቋጥራል። ማስታገሻው ከበዛበት ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ትንፋሹን ያስተኛዋል። በሁለቱ መካከል ያለችው መንገድ ጠባብ ናት፤ በሽተኛው የሚናገራት ቁጥር ካልመራችህ ትስታታለህ። በጥናቱ ደንብ አራትና ከዚያ በላይ ላለ ሰው መድኃኒት ይጨመራል፤ ከአራት በታች ላለ አይጨመርም።

ከሰዓት በኋላ ሲነቁ ጊና ጎንበስ ብላ «መምህርት፣ ስንት ይሰጠው?» አለቻቸው።

ዐይናቸውን ጣሪያው ላይ እንደተከሉ «ሁለት» አሉ።

ጊና መጥታ ለስቪለን ነገረችው። «ሁለት ብቻ። እነዚህ ጋብሮቮዎች ህመምም ይቆጥባሉ።»

ደስ አለው። ወደ ማታ ራሱ ሊያያቸው ሲገባ ግን ደስታው ቀዘቀዘበት። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ጉልበታቸውን አጥፈው፣ አንሶላውን ጨብጠው፣ እንደ ግንድ ሳይንቀሳቀሱ ተኝተዋል። ትንፋሻቸው ከደረታቸው አይወርድም።

«መምህሬ፣ እውነት ሁለት ነው?»

«ሁለት። ከዚያ በላይ አይገባውም» አሉ በጥርሳቸው መካከል።

ህመምን የሚንቁ መሰለው። ኩራታቸውን ያውቀዋል። «ትንሽ ልጨምርልዎት?» ሲል ጭራሽ ተቆጡ።

«ደንብህን ጠብቅ። እኔ ለማንም ተጨማሪ ዕድል ሰጥቼ አላውቅም። የሰጡትን ይዞ ይሞክር፣ ነገ እናየዋለን።»

ኮሪደሩ ላይ ጊና ክንዱን ያዘችው። «ስማኝ ዶክተር። እኔ ይሄን ፊት አውቀዋለሁ። ይሄ ፊት ሁለት አይደለም።»

«እሳቸውን አታውቂያቸውም። አንድ ጊዜ ጣታቸው በር መሐል ገብቶ ተቀጥቅጦ ትምህርቱን ሳያቋርጡ ጨርሰዋል። የሚደማውን ጣት በሰሌዳው ጨርቅ ጠቅልለው።»

«ታዲያ አሁን ምን እየጠቀለሉ እንደሆነ በምን አወቅህ?» አለችና ሄደች።

ለሌላ በሽተኛ ቢሆን ፊቱን አይቶ ይጨምርለት ነበር። የእሳቸውን ቃል ግን ማረም አልደፈረም።

ማክሰኞ ጠዋት ሦስት አሉ። ጊና ከንፈሯን መጠጠች፤ ህመሙ እየጨመረ ነው ማለት ነው። እኩለ ቀን ገደማ አራት አሉ፤ ደንቡ ነውና ጨመረችላቸው። ስቪለን የሌላ ሰው ቀዶ ጥገና ላይ ስለነበር በስልክ ነው የተነጋገሩት። ብዙም ሳይቆይ ደግማ ደወለች።

«አምስት ብለዋል።»

ስፌቱ ለቆ ይሆን? ውስጥ የሚፈስ ነገር አለ? ቀዶ ሐኪሙን ላከባቸው፤ ሰውዬው ሆዳቸውን ዳሰሰና ለስላሳ ነው፣ ምንም የለም አለ። ታዲያ ህመሙ ከየት ነው የሚጨምረው? «ጨምሪላቸው፣ መጣሁ» አላት። ቃል ገብቶላቸዋል እኮ፣ እንደ እናትዎ አይሆኑም ብሏል። እዚያው እጁን እየታጠበ ራሱን ረገመ።

ሲደርስ ጊና የሚቀጥለውን መርፌ ይዛ ራስጌያቸው ቆማለች። «አሁን ስጠይቃቸው መልሰው አምስት አሉኝ። ግን ዶክተር፣ መተኛታቸው አልጣመኝም። አንተ ሳታይ አልሰጥም ብዬ ነው።»

መምህርት ራሽኮቫ አፋቸው ተከፍቶ ያንኮራፋሉ። ግንባራቸው ደርቋል፣ ጉልበታቸው ተዘርግቷል፣ እጃቸው አንሶላውን ለቋል። ከንፈራቸው ግን አየር ያጠረው ይመስል ጠቁሯል። አንድ ትንፋሽ ወጣ፤ ቀጣዩ ብዙ አስጠበቀ።

«መምህሬ? መምህሬ፣ ይስሙኝ። ስንት ነው?»

ከሩቅ እንደሚመጣ ሰው ቀስ ብለው መጡ። ከንፈራቸው ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«ጎበዝ ነው» አሉ ምላሳቸው እየተሳሰረ። «ትናንት ሰነፍ ነበር... ዛሬ ግን ተሻሽሏል። አምስት ይገባዋል።»

ስቪለን አሁን ገባው። ማርክ የሚሰጡት ለህመሙ አልነበረም፤ ለመድኃኒቱ ነው። ሁለት ያሉት ወድቋል፣ ከነአካቴው አልሠራም ሲሉ ነው። ያን ሌሊት ሙሉ ያ ሁሉ ህመም ላያቸው ላይ ተከምሮ፣ እሱ ሁለት ብለዋል ብሎ ቤቱ ሄዶ ተኝቷል። ዛሬ እየተሻላቸው ሲሄድ ደግሞ እየባሰባቸው መስሎት በላይ በላዩ አፍስሶባቸዋል።

«ጊና፣ መርፌውን አስቀምጪ። ማርከሻውን አምጪልኝ።»

ጊና ምንም ሳትጠይቅ ሮጠች። እሱ አገጫቸውን ወደ ላይ አንስቶ ኦክሲጅኑን አደረገላቸው። ማርከሻው ሲመጣ ጠብ ጠብ እያደረገ ነው የሰጣቸው፤ ባንድ ጊዜ ቢሰጣቸው ማስታገሻው ሁሉ ይሻርና የትናንቱ ህመም እንዳለ ይመለስባቸዋል። ያንን ሁለተኛ አያደርግባቸውም። እስኪሠራ ድረስ ግን መተንፈስ አለባቸው።

«መምህሬ፣ ይተንፍሱ።»

አልሰሙትም። ትከሻቸውን ነካ ነካ አደረገ፣ ለመነ፣ እጃቸውን ጨመቀ። መምህሬ፣ እባክዎ፣ በሞቴ እያለ ቢለማመጥ ንቅንቅ አላሉም። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣለት እንጃ፣ ወገቡን ቀጥ አድርጎ፣ ክፍሉን ሁሉ ጸጥ በሚያሰኘው በራሳቸው ድምፅ ጠራቸው።

«ራሽኮቫ! ወደ ሰሌዳው!»

ዐይናቸው ተበረገደ። ደረታቸው ተነፋ፤ ረጅምና ሙሉ ትንፋሽ ሳቡ።

«አልተዘጋጀሁም» አሉ እንደ ልጅ።

«ምንም አይደል። ይተንፍሱ ብቻ። አሁንም ይድገሙት። ጎበዝ።»

ጊና በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ሆነው ከሰዓቱን ሙሉ እንዲህ አዋሏቸው፤ ሊያንቀላፉ ሲሉ ወደ ሰሌዳው ይጠሯቸዋል፣ እሳቸውም እየተቆጡ ይተነፍሳሉ። ከንፈራቸው ቀላ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ጊናን «አንቺ ምን አፍጥጠሽ ታዪኛለሽ?» ሲሏት፣ ጊና ወንበሩ ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች። ስቪለን አላለቀሰም፤ ጎንበስ ብሎ ትንፋሻቸውን መቁጠሩን ቀጠለ።

በማግስቱ ሁሉንም ነገራቸው። አልሸፋፈነም። ማርክ ይስጡ ማለቱን፣ ሁለትን እንዴት እንደተረጎመ፣ አምስት ሲሉ ምን እንዳደረገ። ለሆስፒታሉ አለቆችም እንደተናገረ፣ ከእንግዲህ በክፍሉ ማርክ የሚል ቃል ለማንም እንደማይነገር ጨመረላቸው። ጊና ያመጣችላቸውን እርጎ በትንሽ ማንኪያ እየላሱ አዳመጡት።

«ጥያቄው ነው የተበላሸው» አሉ በመጨረሻ። «የተበላሸ ጥያቄ ሲሰጠኝ ምንድን ነው የምትለው ብዬ መመለስ ነበረብኝ። እኔም አጥፍቻለሁ።»

«እርስዎ ምንም አላጠፉም። ሊሞቱብኝ ነበር።»

«አልሞትኩም። የጋብሮቮ ሰው ትንፋሹን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።»

«ከጥናቱ ግን ወጥተዋል። ቁጥሮችዎ ከውድድሩ አይገቡም።»

«ከክፍል አስወጣኸኝ በለኛ።»

«ደንቡ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«እኔም ለናንተ እንደዚሁ ነበር የምላችሁ» አሉና እርጎውን አስቀመጡ።

ስቪለን እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ ከቶ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ቁጥር ሊጠይቃቸው አልፈለገም።

«መምህሬ፣ የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?»

መነጽራቸውን አወለቁ። እጁን ይዘው ሆዳቸው ላይ አደረጉት። «እዚህ ጋ ልስል ስል ይጎትተኛል፤ ለዚያ ነው የማልስለው። ትከሻዬን ደግሞ እዚህ ጋ ይወጋኛል፣ ከቁስሉ ይብሳል፣ ስለሱ ግን ማንም አልጠየቀኝም።» እጁን አልለቀቁትም። «ይሄን ጥያቄ አንድ ቀን አንተን ጠይቄህ ነበር።»

«አስታውሳለሁ።»

«መልሱን ሳትነግረኝ ይህን ሁሉ ዓመት አለፈ። ያን ቀን ተማሪው ወጥቶ ካለቀ በኋላ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ጠበቅኩህ። ትመጣለህ ብዬ። ማወቅ ፈልጌ ነበር፣ ልጄ።»

ስቪለን መስኮቱን አየ። ያ ጥያቄ ሹፈት አለመሆኑን ካወቀ ቆይቷል። ተቀምጠው እንደጠበቁት ግን አላሰበም። ከዚያ ለማንም፣ ለሚስቱም እንኳ ያላወራውን ነገራቸው። እናቱ ለእራት ሳህን ስታቀርብ ተሳስታ ለሦስት ሰው ታቀርብ ነበር። ሦስተኛውን ሳህን መልሳ ስታነሳ ድምፅ እንዳያሰማ በሁለት እጇ ነበር የምትይዘው። እሱም ያላየ ለመምሰል ዳቦውን ይቆራርሳል። የሚያመው እዚያ ጋ ነበር፤ ሳህኑ ሲነሳ።

መምህርት ራሽኮቫ እጁን ብቻ ጨበጥ አደረጉት።

ዓርብ ዕለት የፕለሙ አበባ ፈነዳ። ስቪለን መድኃኒታቸውን እንደ ህመማቸው አስተካክሎላቸው ስለነበር በክንዱ ተደግፈው፣ ጊና ትራስ ይዛ እየተከተለቻቸው፣ ቀስ እያሉ ወደ ግቢው ወጡ። ክሩን ከአንጓቸው ፈታላቸው። ቅርንጫፉ ጋ እጃቸው አልደርስ ስላለ እሱ አሰረላቸው። እዚያው ቆመው ሳለ ልጅነቱ አላስችል አለው።

«መምህሬ፣ ያኔ ስለ ሳህኑ ብጽፍልዎት ኖሮ ስንት ይሰጡኝ ነበር?»

«ስድስት» አሉ ሳያመነቱ፣ ዐይናቸው አበባው ላይ እንዳለ።

ጊና ከኋላ ትራሱን እቅፍ አደረገችው።

«አሁንስ?»

«አምስት። ዘግይተህ ነው ያስረከብከው።»

ከዚያ ሳላቸው መጣ። ስቪለን ትራሱን ተቀብሎ ሆዳቸውን ደግፎ ያዘላቸው፤ እሳቸውም እስኪወጣላቸው ድረስ በደንብ ሳሉ።